ደሟ እንዳይረጋ

አዲስ አበባ
ሰኔ 7 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለመምህሬ ለሲስተር ሺታዬ፣

እንደምን ሰነበቱ? ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ መስመር ሳልጽፍልዎ ኖሬ ዛሬ ብድግ ብዬ እንዲህ ማለቴ ያሳፍረኛል። አዋላጅነት ያስተማሩኝ፣ ጋምቤላ ሳሉ ቤትዎ ያስጠጉኝ ልጅ ነኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልል ነበር፤ እርስዎም ሥራ ላይ መሆንዎ ትዝ ሲለኝ ተውኩት። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

በፍርዶስ ባል በሷሊህ እጅ የላኩት ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። መልሱ፦ አዎ፣ ፍርዶስ በሕይወት አለች።

እኔ ወደምሠራበት ጽኑ ሕሙማን ክፍል የገባችው ረቡዕ ዕለት ነው። ጋምቤላ ላይ ቀዶ ሕክምና ካደረጉላት በኋላ የሰው ደም እየተሰጣት በአውሮፕላን መጣች። ያን ያህል ደም ስለፈሰሳት ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል። ከወለደች ጀምሮ ጠብታ ሽንት የላትም። አራት ሰዓት ብቻ የሚፈጀውን የተለመደውን የኩላሊት እጥበት የደም ግፊቷ አይችለውም፤ ስለዚህ ቀን ከሌሊት ቀስ ብሎ በሚያጥብ ማሽን ላይ ናት። ደሟ ከአንገቷ በቱቦ ይወጣል፣ በማጣሪያው ያልፋል፣ ይመለሳል።

የእኔ ሥራ ደሙ መንገድ ላይ እንዳይረጋ መጠበቅ ነው። ማጣሪያው እንደ ፀጉር የቀጠኑ ብዙ ሺህ ቱቦዎች ያሉት ነገር ነው፤ ደም ከረጋበት ማሽኑ ይቆማል፣ ውስጡ ያለው ደምም አብሮ ይጣላል። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ሄፓሪን የተባለ መድኃኒት እንዳንሰጣት ቁስሏ ገና ነው፤ ይደማል። ስለዚህ ደሙ ከአንገቷ እንደወጣ ሲትሬት እንቀላቅልበታለን። ሲትሬቱ ካልሲየሙን ይይዘዋል፤ ያለ ካልሲየም ደም አይረጋም። ወደ እሷ ሲመለስ ደግሞ ካልሲየሙን በሌላ መስመር እንተካላታለን። በየስድስት ሰዓቱ ከማሽኑም ከእሷም ደም ወስጄ እለካለሁ። ካልሲየሙ ብዙ ከተያዘባት ከንፈሯ ይደነዝዛል፣ የልቧም ምት ሊዛባ ይችላል።

ስለ ሕፃኗ ወረቀትዎ ምንም አይልም። ሷሊህን ጠየቅሁት። «ደህና ናት» አለኝና ወደ ጫማው አየ። እርስዎ ይንገሩኝ።

እናንተ ጋ ኔትወርክ እንደጠፋ ሰምቻለሁ። ደብዳቤውን በአውሮፕላን ለሚመጣ ሰው እሰጣለሁ። ጋምቤላ አውሮፕላን ማረፊያ የሚሠራው ወንድሜ ስቴፈን ተቀብሎ ወደ ፑኝዶ በሚሄድ መኪና ይሰድልዎታል።

ልጅዎ ኛሩአች


ጎግ ወረዳ
ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኛሩአች ልጄ፣

ዝምታሽን አልቆጠርኩብሽም። እኔስ መች ጻፍኩ? ሰው የሚጽፈው ሲጨንቀው ነው፤ እኔም የጻፍኩልሽ ሲጨንቀኝ ነው።

«አለች» ያልሽውን ቃል ለእናቷ ወስጄ አነበብኩላት። መሬቱን ሳመች። ሌላውን አላነበብኩላትም።

አንቺ ያልሽውን እኔ ደጋግሜ አነበብኩት። ምን እንደገረመኝ ታውቂያለሽ? እኔ እዚህ እጄን አስገብቼ ማህፀኗን ጨብጬ «እርጋ፣ ኧረ እርጋ» እያልኩ የለመንኩትን ደም አንቺ እዚያ «አትርጋ» እያልሽ ትለምኚዋለሽ። ያው ደም ነው። የአንዲት ሴት ደም ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጠላቴ የማይረጋ ደም ነበር፤ አሁን ደግሞ የሚረጋውን ልፍራ?

ማጣሪያው ስንት ቀን ይቆያል? ስንት ጊዜስ ይቀየራል? ይህን ጻፊልኝ።

ስለ ልጅቱ፦ ደህና ናት። አያቷ ዘንድ ናት። በእሷ አታስቢ።

ስለ ሰዓቱም፣ አምቡላንስ የተጠራበትን ማለቴ ነው፣ አብሮ የመጣውን የሪፈር ወረቀት ብታዪ ሁሉም እዚያ ላይ አለ።

እዚህ ዝናቡ መንገዱን በልቶታል። ወባው ደግሞ አልጋ አላስቀረም፤ አንድ ፍራሽ ላይ ሁለት ሁለት እያስተኛን ነው። ሌላዋ አዋላጅ ፈቃድ ወጥታ አልተመለሰችም። ጉልበቴ ያመኛል። ደህና ነኝ።

ሺታዬ


አዲስ አበባ
ሰኔ 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሲስተር ሺታዬ፣

ያን ሁሉ በሽተኛ ብቻዎን እንዴት እንደሚችሉት እንጃ። እግዜር ያበርታዎት።

ማጣሪያው ስንት ቀን ይቆያል ብለዋል። በሲትሬት ሦስት ቀን ይቆያል። የመጀመሪያው ቆየ። ሁለተኛው ማክሰኞ ዕለት በእኔ ጥፋት ረጋ።

ስድስት ሰዓት ላይ ደም ወስጄ መለካት ነበረብኝ። ጎን ያለው በሽተኛ ልቡ ቆሞ እሱ ላይ ስንረባረብ ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ስመለስ የማሽኑ ግፊት ወደ ላይ ወጥቷል፤ ማጣሪያው ላይ ጥቁር ጥቁር መስመር ተጋድሟል። ሲትሬቱን በጊዜው ብጨምር ኖሮ ይድን ነበር። ደሙን ልመልስላት ብሞክር አልሆነም። አንድ ብርጭቆ የሚያህል ደም፣ ያውም ሰው የለገሳትን፣ አውጥቼ ጣልኩ። ሠንጠረዡ ላይ «ዘጠኝ ሰዓት» ብዬ ስጽፍ አብራኝ የነበረችው ነርስ «ስድስት ብትይው ማን ያያል?» አለችኝ። እጄ እንቢ አለ። እርስዎ በቀይ እስክሪብቶ የሰረዙብኝ ገጾች ትዝ አሉኝ።

በማግስቱ ሲትሬቱ ራሱ አለቀ። ከተማውን አስፈለግን፤ የለም። ሐኪማችን ዶክተር ዕዝራ «ትንሽ ሄፓሪን እንስጣት» አለ።

«ዶክተር፣ ከሆዷ የሚወጣው ቱቦ ዛሬም ቀይ ነው» አልኩት።

ጎንበስ ብሎ አየው። «እንግዲያው ያለ ምንም እንሞክር» አለ።

ያለ ምንም ማለት፣ ደሙ ቶሎ ቶሎ እንዲያልፍ ማድረግ፣ ከማጣሪያው በፊት በፈሳሽ ማቅጠንና ዓይን ሳይነቅሉ መጠበቅ ነው። እንዲህም ሆኖ ማጣሪያው በአሥር፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ይረጋል።

ፍርዶስ ነቅታለች። የመጀመሪያ ቃሏ «ልጄ ሞታለች አይደል?» ነበር።

«ደህና ናት» አልኳት።

«አባቴ ሞቶ ሁለት ወር ሙሉ ‹ደህና ነው› ብለውኛል። ሁሉም ልክ እንዳንቺ ፈገግ ይሉ ነበር።»

ሷሊህ ይምላል፤ እሷ አትሰማውም። ለነገሩ እሱም ልጅቱን ጥሎ የመጣው የአንድ ቀን ልጅ ሆና ነው። እውነቱን ልንገርዎ፤ እኔም ደብዳቤዎን መልሼ አነበብኩት። «ደህና ናት፣ አያቷ ዘንድ ናት፣ አታስቢ።» እኛ አገር ለሞተ ሰው የሚባለው ይኸው አይደል? ለእኔ እንኳ እውነቱን ይጻፉልኝ። ለእሷ ሳልነግር እኔ እይዘዋለሁ።

ደግሞ ስለ ሰዓቱ አልጠየቅኩዎትም ነበር።

ኛሩአች


ጎግ ወረዳ
ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኛሩአች፣

ቅር ብሎኛል፤ አልደብቅሽም። ቤቴ ሦስት ዓመት የኖርሽ ልጅ ቃሌን ስትጠራጠሪ ደብዳቤውን አጥፌ አስቀመጥኩት። ሲነጋ እንደገና አነበብኩትና እውነትሽን ነው አልኩ። መዋሸት ባህል ባደረግንበት አገር እውነት የተናገረ ሰው ምን ምልክት ያሳያል?

ልጅቱ አለች። ስትወለድ ሁለት ኪሎ ከሰባት መቶ ነበረች፤ ቀነሰች፤ አሁን ተመልሳለች። የምታጠባት ኛጃል የምትባል የፑኝዶ ሴት ናት። የስምንት ወር ልጇን ልታስመዝን መጥታ የአያቲቱን ልቅሶ ሰማች። ማንም ሳይጠይቃት ተቀመጠችና ልጅቱን ተቀብላ ጡቷን ሰጠቻት። አያቲቱ ሼኹን ጠየቁ፤ «ያጠባች እናት ናት፣ ልጇም ወንድሟ ነው» አሉ። ከዚያ ወዲህ ኛጃል እነ አያቲቱ ቤት ነው የምትውለው። የእናንተ ሰው ናት፤ እንደምጽፍልሽ ስታውቅ «ማሌ በይልኝ» ብላ በቋንቋችሁ ሰላምታ ልካለች።

ፎቶ አንስቼ ስልኬን ወደ ጋምቤላ ለሚሄድ ሾፌር ሰጠሁት። ስቴፈን መሀል ከተማ ፎቶ ቤት አሳጥቦ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያያይዘዋል። አያቷ ናቸው ያቀፏት። አሳዪያት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ማህፀኗ እንደወጣ ሷሊህ ለፍርዶስ ነግሯታል? ስድስት ዓመት ጠብቀው ያገኟት ልጅ ናት።

ስለ ሰዓቱ አልጠየቅሽኝም። ልክ ነሽ።

ሺታዬ


አዲስ አበባ
ሰኔ 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሲስተር ሺታዬ፣

ይቅር ይበሉኝ። ለኛጃልም ማሌ ይበሉልኝ።

አልነገራትም። ልንገራት እያለ ይገባል፤ ፀጉሯን ዳሶ ይወጣል።

ፎቶው አልሠራም። ከዓይኗ አላርቅ ብላ ለረጅም ጊዜ ስታየው ተስፋ አድርጌ ነበር። ከዚያ መለሰችልኝ። «ይህ የማንም ልጅ ነው» አለች።

«እናትሽ ናቸው እኮ ያቀፏት!»

«እናቴማ ስለ እኔ ብላ የጎረቤት ልጅ ታቅፋለች።»

ምን ልበላት? እናቴም ታደርገዋለች።

አሁን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትውለው። አንገቷን ስታዞር ቱቦው ይታጠፋል። ቱቦው ሲታጠፍ ደሙ ይቆማል፣ የቆመ ደም ይረጋል። ሲትሬት ቢኖር ትንሽ ጊዜ ይሰጠን ነበር፤ የለም። ዛሬ ብቻ ሁለት ማጣሪያ ተበላሸብን። ሁለት ብርጭቆ ደም። «ፍርዶስ፣ በአላህ፣ ወደኔ ዙሪ» እላታለሁ። ትዞራለች። ትንሽ ቆይታ ትመለሳለች። እልኸኛ ሆና አይደለም። የምታየው ነገር የላትም።

ዶክተር ዕዝራ ያሉን ማጣሪያዎች ከአራት ቀን በላይ አያደርሱም ብሏል። የሰው ደምም እንደልብ አይገኝም። ትናንት ጥቂት ሽንት አይተናል፤ ሠላሳ ሚሊ ሊትር፣ እንደ ሻይ የጠቆረች። ኩላሊቷ ሊነሳ ይፈልጋል። ጊዜ ነው የሚያስፈልገው፤ ጊዜውን እኛ ነን ማቆየት ያልቻልነው።

ትናንት የምትለኝን ሳዳምጥ አንድ ነገር አለች። «ሁሉም የሚነግሩኝ የተስማሙበትን ነው። ስለዚያ ቀን እንኳ የተስማሙበትን ነው የሚነግሩኝ።» ምን ማለቷ እንደሆነ ጠየቅኳት። ዓይኗን ጨፈነች።

የሪፈር ወረቀቱን አየሁት። አምቡላንስ የተጠራው አምስት ሰዓት ላይ ነው ይላል። ሲስተር፣ አሁን እጠይቅዎታለሁ።

በጣም ደክሞኛል። ቆሜ ነው የጻፍኩት።

ኛሩአች


ጎግ ወረዳ
ሰኔ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኛሩአች ልጄ፣

ከሥር ያለው ለፍርዶስ ነው። ቃል ሳትለውጪ አንብቢላት። ሷሊህም ይስማ። ከባድ ነው ብለሽ እንዳታስቀሪባት፤ እኔ ሳስቀር የሆነውን አይተሻል።

ፍርዶስ፣

አላህ ይማርሽ። ሲስተር ሺታዬ ነኝ። ይህን የምጽፈው ጤና ጣቢያው ውስጥ፣ አንቺ በወለድሽበት ክፍል ተቀምጬ ነው።

ሰኔ ሁለት ቀን ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ወለድሽ። ወዲያው ደም መፍሰስ ጀመረሽ። መርፌ ሰጠሁሽ፤ ትንሽ ቀነሰ፤ መልሶ መጣ። ያኔውኑ አምቡላንስ መጥራት ነበረብኝ። አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩም ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነበር። መንገድ ተቆርጦ ነው የዘገየሽው የተባለው ውሸት ነው፤ ያን ቀን መንገዱ ያስኬድ ነበር።

አልጠራሁም። ባለፈው ወር የላክኋቸው ሁለት ሴቶች ጋምቤላ ሲደርሱ ደማቸው ቆሞ ተመልሰው መጡ። «በከንቱ ነዳጅ አስጨረስሽ» ተባልኩ። ያ ቃል ውስጤ ቀርቶ ነበር። ደግሞም እጄን አመንኩ። እንዳንቺ ደም የፈሰሳቸውን ሴቶች ስንት ጊዜ አድኛለሁና ይህንንም አቆመዋለሁ አልኩ። አሁን ይቆማል፣ አሁን ይቆማል ስል እጅና እግርሽ ቀዘቀዘ። አምቡላንሱን የጠራሁት ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ማታ መዝገቡ ላይ አምስት ሰዓት ብዬ ጻፍኩ። የሪፈር ወረቀቱም ላይ እንደዚያው ነበር ያልኩት። ለእናትሽም፣ ለሷሊህም፣ ለወረዳውም ይህንኑ ነገርኩ።

ኩላሊትሽ ያቆመው በእነዚያ ሰዓታት ነው። ማህፀንሽም በዚያው ምክንያት ወጥቷል፤ ጋምቤላ ያሉት ሐኪሞች ያወጡት ነፍስሽን ለማትረፍ ነው። ሌላ ልጅ አትወልጂም። ሷሊህ ያውቃል። ሊነግርሽ አፉ እንቢ ብሎት ነው፤ አትቆጪው።

ዛሬ ጠዋት መዝገቡ ላይ ከጻፍኩት ሥር እውነተኛውን ሰዓት ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትም አንድ ቅጂ ልኬያለሁ። ለእናትሽ ደጃቸው ድረስ ሄጄ ነገርኳቸው። በሩን ዘጉብኝ። የልባቸውን ነው ያደረጉት።

ልጅሽ አለች። እትብቷ የወደቀው በስምንተኛው ቀን ነው። ፀሐይ ላይ ሲያወጧት ታነጥሳለች። ኛጃል የምትባል ሴት እያጠባቻት ነው። ስም አልወጣላትም፤ አያቷ «እናቷ ሳትመጣ አይወጣም» ብለዋል።

ይቅርታ አልጠይቅሽም፤ በወረቀት የሚጠየቅ አይደለም። ተመልሰሽ ስትመጪ ፊቴ ላይ የምትዪውን እሰማለሁ።

ሺታዬ


አዲስ አበባ
ሰኔ 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለሲስተር ሺታዬ፣

አነበብኩላት። ቃል አልለወጥኩም። ማህፀን የሚለው ላይ ስደርስ አቆምኩ፤ ሷሊህ ተነስቶ ግድግዳውን ተደገፈ። እሷ ግን «ቀጥዪ» አለችኝ።

ስጨርስ «ስምንት ሰዓት ነው ያለችው?» አለች።

«አዎ፣ ስምንት ሰዓት።»

«የቀትሩ የዙሁር አዛን ሲል እዚያው አልጋ ላይ ነበርኩ። ሰምቼዋለሁ። ሙአዚኑ ሲያስል ሁሉ ሰምቻለሁ። ስነቃ ግን ሁሉም ‹በአምስት ሰዓት ወጥተሻል፣ አንቺ ራስሽን ስተሽ ነው› ይሉኛል። ሷሊህም፣ ወረቀቱም። አእምሮዬን አጣሁ ብዬ ነበር። ስለ አዛኑ የሚዋሹኝ ከሆነ ስለ ልጄ ለምን አይዋሹኝም?»

ሷሊህ «ወላሂ እኔም እንደተነገረኝ ነው፤ እኔ ያኔ እርሻ ነበርኩ» አላት።

ወደኔ ዞረች። «ይህን በራሷ ላይ የምትጽፍ ሴት ስለ ልጄ ምን ብላ ትዋሻለች? ፎቶዋን አምጪ» አለችኝ።

ፎቶውን ከማሽኑ ጎን ባለው ብረት ላይ በፕላስተር ለጠፍኩላት። ፎቶው ከእኔ በኩል ስለሆነ ፊቷ ወደ ግድግዳ አልዞረም። ስለ ማህፀኗ አለቀሰች፤ ሁለት ቀን ሙሉ አለቀሰች፤ ግን ቀና ብላ፣ ፎቶውን እያየች ነው ያለቀሰችው። ማጣሪያው አሥራ ስድስት ሰዓት ቆየ፤ ቀጥሎ የገባው ሃያ ሰዓት። የመጨረሻውን ራሳችን ነን ያወጣነው፤ አልረጋም ነበር፤ ደሟን እስከ መጨረሻው ጠብታ መለስንላት። ትናንት አንድ ሊትር ከሁለት መቶ ሸናች። ዶክተር ዕዝራ የሽንቱን ዕቃ ራሱ አንስቶ ወደ መብራት ይዞ አየው። ማሽኑ ጠፍቷል። ከእንግዲህ ወደ ተራ ክፍል ትወጣለች፤ ምናልባት አንድ ሁለት ጊዜ የተለመደው እጥበት ያስፈልጋት ይሆናል።

ስለ እርስዎ «ይቅር ብያለሁ» አላለችም። አልጠየቅኳትም። ሷሊህ ተቆጥቷል፤ ሲደርስ ምን እንደሚል አላውቅም። ይህን ልደብቅዎት አልፈልግም።

የሁለት ቀን ዕረፍት ወስጃለሁ። ተኝቼ ነበር።

ኛሩአች


ጎግ ወረዳ
ሐምሌ 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኛሩአች ልጄ፣

የኔትወርኩ ምሰሶ ተጠግኖ ስልክ ተመልሷል። እንደምትደውዪ አውቃለሁ፤ ይህን ግን በስልክ መናገር አልቻልኩም።

ወረዳው ከማዋለጃ ክፍል አንስቶኛል። ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን ክትባት ክፍል አስቀምጠውኛል። መርፌና ካርድ ነው ሥራዬ። ሰው ግቢ ውስጥ ሲያየኝ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሷሊህ እንደተመለሰ መጥቶ ደጅ ቆሞ ጮኸብኝ፤ ሰው ሁሉ ሰማ። ቁጭ ብዬ ሰማሁት። ሲጨርስ አለቀሰና ሄደ። ማታ ማታ ስለ ጡረታ አስባለሁ። ጉልበቴ አሁንም ያመኛል።

ፍርዶስ ግን ከአዲስ አበባ ከተመለሰች ወዲህ ወደ እኔ አልመጣችም ነበር። ከትናንት በስቲያ ሐሙስ የልጅቱ አርባ አምስተኛ ቀን ነበር፤ የክትባቷ ቀን። ሌላ ጤና ጣቢያ ትወስዳታለች ብዬ ነበር። ወረፋው ሊያልቅ ሲል በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ቀና ስል እሷ ናት። ከስታለች። አንገቷ ላይ የቱቦው ጠባሳ አለ። ከኋላዋ ኛጃል የራሷን ልጅ አዝላ ቆማለች።

ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ካርዱን ሳብኩ።

«ስሟ ማን ነው?» አልኩ።

«ሉል» አለች። «ሉል ሷሊህ።»

ጻፍኩ። ልጅቱን ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ። ራሷ ነች ያስቀመጠችልኝ፤ እኔ እጄን አልዘረጋሁም ነበር። ወጋኋት፤ ጮኸች። ፍርዶስ አንስታ ደረቷ ላይ አደረገቻት። ወተት የላትም፤ ቢሆንም ትንሽ ይዛ አባበለቻትና ለኛጃል አቀበለቻት። ሦስታችንም ልጅቱ ስትጠባ አየን።

«ሁለተኛው መቼ ነው?» አለችኝ።

«ከአራት ሳምንት በኋላ።»

«አንቱ ያኔ እዚህ ይኖራሉ?»

«አላውቅም ልጄ። የሚያውቁት እነሱ ናቸው።»

ካርዱን አጥፋ ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረችው። ተነሳች፤ በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች።

«እዚህ ባይኖሩም ያሉበትን ጠይቄ አመጣታለሁ» አለች። «የምለው አለኝ። ዛሬ አቅም የለኝም።»

«እጠብቅሻለሁ» አልኳት።

ወጣች። ከኋላቸው ሄጄ በሩ ላይ ቆምኩ። ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሁለቱ ሴቶች ጭቃውን እየመረጡ፣ ልጅቱን እየተቀባበሉ እስከ መንገዱ ድረስ ሄዱ። ከዚያ ክትባት የቀራቸው ሁለት ልጆች ነበሩና ተመልሼ ገባሁ።

ሺታዬ